የገላኗ ሃዊና በጸበል የተስተካከለው ጡት

ወሬው እንዲህ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሃዊ የምትባል ልጅ የጡት ካንሰር ያዛት። ሐኪሞች ተሰበሰቡ፤ መከሩ፤ «ሁለቱንም እንቁረጥ» አሉ። ልጅቱ ግን እንቢ ብላ አንድ እሑድ ጸበል ገባች። ሰኞ ጠዋት ካንሰሩ የለም። በዚያው ሰኞ፣ ከጥንት ጀምሮ ከግራው ያነሰ የነበረው ቀኝ ጡቷ ተነሥቶ ከመንትያው ጋር እኩል ቆመ።

ይሄ የቃሊቲው ቅጂ ነው። ወሬው በሰርቪስ ተሳፍሮ ቂሊንጦ ሲደርስ ከውጭ አገር የመጡ ሦስት ፕሮፌሰሮች ተጨምረውበታል፤ ሜትር ዘርግተው ለክተው፣ እኩል መሆኑን አይተው፣ አንደኛው እዚያው ክርስትና ተነሥቷል። ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር የልጅቱ ደረት ሳሎኑን እንደሚያበራና ጎረቤት ልጆቹን ይዞ እየመጣ የቤት ሥራ እንደሚያሠራበት ተነግሯል።

ወሬ አልጠላም። ወሬ ባይኖር ማኪያቶውን ማን ይጠጣው ነበር? ይሄኛው ግን አልዋጥ አለኝ። አንደኛ፣ ገላን አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ ራሱ የሚወጣው ደስ ሲለው ነው፤ ተአምር እንዴት በአንድ ቀን ደረጃውን ጨረሰው? ሁለተኛ፣ ሐኪሞች ለአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ተሰብስበው መከሩ የሚለውን ያመነ ሰው የቀረውን ቢያምን አይፈረድበትም። ሦስተኛው ግን ቀልድ የለበትም። ይህን ወሬ ከነገሩኝ አሥራ ምናምን ሰዎች መካከል አንድም ሃዊን የጠየቃት የለም። «ኧረ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ነውር አይደለም እንዴ!» አለችኝ አንዷ። ማውራቱ ነውር አይደለም፤ መጠየቁ ነው ነውሩ።

ሃዊ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሟል፤ እሷም እዚያው መሬት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጡት መያዣ ትፈትሻለች። እኔ ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ አበዛኸው ትሉኝ ነበር። ፋብሪካው ለውጭ ገበያ ጡት መያዣ ይሰፋል፤ ሃዊ ከመስመሩ መጨረሻ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። በእጇ የፕላስቲክ መለኪያ አለ። ግራውን ትለካለች፤ ቀኙን ትለካለች። በሁለቱ መካከል እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ ያልፋል። አራት ከሆነ ቀይ ስቲከር ይለጠፍበትና ሪጀክት ተብሎ ካርቶን ውስጥ ይወረወራል። በስድስት ዓመት ውስጥ በእጇ ያለፈው ጡት መያዣ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከቃሊቲ ተነሥቶ ናዝሬት ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል።

የራሷ ግራ ጡት ከቀኙ በሁለት ቁጥር ይበልጣል። ይሄ በሚሊ ሜትር የሚወራ ነገር አይደለም።

ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች ሃዊ ለዓመታት ታውቅ ነበር፤ ራሷ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ከሰፈሯ ልጆች ጋር ወንዝ ወረደች። በዚያ ጊዜ ወንዙ ገና የፋብሪካ ቀለም ጠጥቶ አልጠገበም ነበር፤ ውሃው ላይ እየተሽከረከረች የምትዋኝ ጥቁር ጥንዚዛም ነበረች፤ የውሃ እናት ይሏታል። የውሃ እናት የጡትን ጫፍ ከነከሰች ጡት ቶሎ ያጎጠጉጣል ይባላል። ሐኪም ያላዘዘው፣ ልጃገረድ ሁሉ የምታውቀው መድኃኒት ነው። ልጆቹ አንዷን ጥንዚዛ ይዘው ሃዊ ግራ ጡት ላይ አስቀመጡላት። ነከሰቻት። ሃዊ የጮኸችው ጩኸት በወዲያ ማዶ የነበሩትን ከብቶች በትኗል ይባላል። ቀኙን ሳታስነክስ ቤቷ ገባች። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ግራው አደገ፤ ቀኙ ቀረ። «ፈሪ! ሁለቱንም አስነክሺ አላልንሽም?» አሏት ጓደኞቿ። እሷም አመነች። ፈሪ በመሆኗ እንዲህ እንደቀረች አምና ኖረች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኑሮ ሁሉ የስፖንጅ ኑሮ ነው። ስፖንጅ ትቆርጣለች፣ በነጭ ጨርቅ ትሸፍናለች፣ ከቀኝ በኩል ትሸጉጠዋለች። ጠዋት በሰርቪስ ግፊያ ስፖንጁ ወደ ብብቷ ይሸሻል፤ ከሰዓት በኋላ በላብ ይረጥባል። የግራ ትከሻዋ ላይ ማንገቻው አውራ ጣት የሚያስተኛ ቦይ ቆፍሯል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንገቷን ማዞር ያቅታታል። የእኅቷ ሠርግ ላይ ሚዜ ሁኚ ስትባል አመመኝ ብላ ቀረች፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትር ይዛ ስትመጣ ታይቷት ነው። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አንድ ደህና ልጅም ነበር። ሽማግሌው ሳይመጣ እሷ ስልኳን ቀየረች።

የስፖንጁን ምስጢር በዓለም ላይ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እትዬ ጠጄ። እትዬ ጠጄ የፋብሪካው ፈታሽ ናቸው። የፋብሪካው ዕቃ በሴቶቹ ልብስ ውስጥ ተደብቆ እንዳይወጣ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆመው አራት መቶ ሴት ይዳብሳሉ። ሃዊ በተቀጠረች በሳምንቷ እጃቸው ስፖንጁ ላይ አረፈ። ቆም አሉ። ሃዊ ላብ አጠመቃት። እትዬ ጠጄ ፊቷን አዩ፤ ከዚያ «ይሄ የኛ አይደለም፤ እለፊ የኔ ልጅ» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዳበሷት፣ በየቀኑ «እለፊ የኔ ልጅ» አሉ፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላሉም። በክፍለ ከተማችን ለአንድ ሳምንት ምስጢር የጠበቀ ሰው ቢገኝ አደባባይ በስሙ መሰየም ነበረበት። ለእሳቸው አምስት አደባባይና አንድ ቀለበት መንገድ ይገባቸዋል።

ባለፈው ዓመት ሃዊ ቆረጠች። ፈቃድ ወስዳ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄደች፤ ከክፍል ክፍል ስትላክ ከርማ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፊት ቀረበች። ወጣት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛው ከስድስት ወር በፊት ይመስላል።

«መቼ ነው የጀመረሽ?» አላት።

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ። የውሃ እናት ነክሳኝ ነው።»

«ማን?»

ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ወጣትነቱ መጣለት።

«ስሚኝ እህቴ፤ ሁለቱም ጡቷ ልክክ ያለ እኩል የሆነ ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። ትንሽ መበላለጥ የሁሉም ነው። ያንቺ በዛ ያለ ነው፤ አካል ሲያድግ እንዲህ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አናውቀውም። ጥንዚዛዋ ግን ንጹሕ ናት። በነጻ ልቀቂያት።»

ሃዊ አልሳቀችም። አሥር ዓመት ያህል የተሸከመችው ጥፋት በአንድ ቀልድ ሲወርድላት፣ ሰው ይስቃል ወይስ ያለቅሳል?

ሐኪሙ ከካርዷ ጀርባ ላይ ሁለት ክብ ሣለ፤ አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ። «ትልቁን መቀነስ እንችላለን» አለ። «ጠባሳ ይኖራል። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ወደፊት ስትወልጂ ከዚያ በኩል ወተቱ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው። ወይም ትንሹ ውስጥ ሲሊኮን እናስገባለን፤ እሱ ግን የዘላለም ዕቃ አይደለም፤ ክትትል ይፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ ማውጣት ወይ መቀየር ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛው፣ ከሆድ ወይ ከጭን ስብ ወስደን ትንሹን እንሞላዋለን። የሞላነውን ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።»

«ከሆድ?» ሃዊ ሆዷን ዐየች። «ዶክተር፣ እኔ እኮ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ከየት ያመጡታል?»

«እሺ፣ እሱን ሰረዝነው» አለ እየሳቀ። «ምንም አለማድረግም አንድ ምርጫ ነው።»

«እሱን ሞክሬዋለሁ።»

ትከሻዋን አየላት። ቦዩን በጣቱ ነካ፤ ሳቁ ጠፋ። ትልቁን መቀነስ ለትከሻውም ለአንገቱም እንደሚበጅ ነገራት፤ እሷም እሱን መረጠች። አልትራሳውንድ አዘዘላት፤ እብጠት የለም፣ ክፉ ነገር የለም ተባለ። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ሪጀክት ነው የምንለው» አለችው። «እዚህ ሪጀክት የለም» አለ፤ «ወረፋ ነው ያለው።»

ወረፋው አሥር ወር ነበር። በመጨረሻ ቀን ተቆረጠላት፤ ሚያዝያ ሃያ ስምንት። ከዚያ ሦስት ሳምንት እረፍት። ቀጠሮ የምትጽፈዋ ነርስ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ «ከቀረሽ ተራሽ ለሌላ ይሄዳል፤ እንደ አዲስ ከመጨረሻ ነው የምትጀምሪው» አለቻት። ሃዊ ሚያዝያ ሃያ ስምንትን እንደ ልደቷ ያዘችው። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ቀን ነው።

አሁን የቀረው የፋብሪካው ፈቃድ ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ ይዛ የሰው ኃይል ቢሮ ገባች። እዚያ ያለችው ሶሊያና ናት፤ ቅን ልጅ ናት፤ መንገዱን ሁሉ በጥሩ ሐሳብ ጠርጋ ሰውን ገደል የምታስገባ ዓይነት።

«ምን ፈልገሽ ነው ሃዊዬ? ፈቃድ ከሆነ ይኸውልሽ ተለማመጪኝ» አለች እየሳቀች። «ባለፈው አንዷ ጥርሷን ሽቦ ላሳስር ብላ ፈቃድ ጠይቃ ማናጀሩ ምን እንዳለ ሰምተሻል? 'ለሕመም እንጂ ለውበት ፈቃድ የለም።' ስትቀር ደግሞ አሰናበታት።»

ደብዳቤውን ከፈተች። ደብዳቤው «የጡት ቀዶ ሕክምና፤ የሦስት ሳምንት እረፍት» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ሶሊያና አነበበች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ዓይኗ ሞላ። ከዚያ አንድ ቃል ሳትጠይቅ ከፈቃድ ፎርሙ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ «ካንሰር» ብላ ጻፈች።

ሃዊ አፏን ከፈተች። ማኅተሙ ቀደማት።

«ሁሉን ለእግዚአብሔር ስጪው» አለች ሶሊያና፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሃዊ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ተመልሼ ልንገራት አለች፤ ሁለት ጊዜ ዞራለች፣ ሁለት ጊዜ ቆማለች። የሽቦዋ ልጅ ትዝ አለቻት። ለአሥራ አምስት ቀን ዝም ብትል ምን ይሆናል? አለች። እዚህ ጋ ነው የተሳሳተችው፤ እሷም ይህን አትክድም።

ወሬው ከሰው ኃይል ቢሮ ተነሥቶ መስመሩ ላይ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ደረጃው እርጥብ ስለነበር ነው የዘገየው። ከዚያ በኋላ ሃዊ በሕይወቷ ያላየችውን ፍቅር አየች። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን ያልያዘው ሱፐርቫይዘር «ሃዊሻ» አላት። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰዓት የሚያስመዘግበው ሰውዬ በር ይዞላት ቆመ። አጠገቧ የምትሠራው ፊርዶስ ወንበሯን ሰጥታት ራሷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ በየቀኑም ከቤቷ ቴምር በላስቲክ ቋጥራ ታመጣላታለች። አቅፈው የሚያለቅሱ አሉ፤ አቅፈው በዓይናቸው የሚዳብሱም አሉ፤ የቱ ይሆን ብለው። ለታመመ ሰው የሚሆን ፍቅር በጆንያ አለን። ሳይታመም ለጎበጠ ሰው ግን ጭብጥ አይገኝም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ፍተሻው ላይ እትዬ ጠጄ እጃቸውን ስፖንጁ ላይ አሳርፈው በሹክሹክታ «ካንሰር አይደለም፣ አይደል?» አሏት።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«እና?»

«ላስተካክለው ነው። ሚያዝያ ሃያ ስምንት።»

እትዬ ጠጄ ወረፋውን ቀና ብለው አዩ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊ። እዚህ ቤት ለመሞት ነው እንጂ ለመኖር ፈቃድ አይሰጥም። ስትመለሺ ትነግሪያቸዋለሽ። እለፊ።»

እሷም አለፈች።

እሑድ የመስመሩ ሴቶች ተሰብስበው ገላን ድረስ መጡ። ጸበል ሊወስዷት ነው። እንዴት እንቢ ይባላል? አልታመምኩም ልትል ነው? ሄደች። የሚያጠምቁት አባት በጎ ሰው ነበሩ፤ ሁሉንም ሰብስበው «ልጆቼ፣ ሐኪሙንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ጸበል ገባን ብላችሁ ቀጠሯችሁንና መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ» አሉ። አንድም ሰው አልሰማቸውም፤ ውሃው በረዶ ስለነበር ሁሉም ይጮኽ ነበር። ሃዊ ከነልብሷ ገባች። ስፖንጁ ጸበሉን ጠጥቶ ጠጥቶ የአንድ ዓመት ሕፃን አከለ፤ ቤቷ ገብታ ስትጨምቀው ፍርክስክስ አለባት።

በዚያው ቀን አዲስ ሠራች። ግን በዚህኛው ጊዜ የሥራ መለኪያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እስከዚያ ቀን ራሷን ለክታ አታውቅም፤ ፈርታ። ስፖንጁን በግምት ስለምትቆርጥ ደረቷ ሁሌም ትንሽ ያዘነብል ነበር። ያን ቀን ለካች፤ ቆረጠች፤ እንደገና ለካች። ስድስት ዓመት የሰለጠነችበትን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ተጠቀመችበት። ውጤቱ እንከን አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ስትገባ ፊርዶስ ዐየቻት። ዓይኗም ደረቷ ላይ ቀረ። «ሃዊ… ተስተካከለ እኮ!» ይህን ያለችው በደስታ ነው፤ ክፋት የለባትም። ከኋላ ወንበር አንዷ ዘወር አለች። «እውነቷን ነው፤ ያ ጎባጣነቱ ጠፍቷል!» ሌላዋ «ትናንት ከጸበሉ ስትወጣ ደረቷን የሆነ ነገር ሲነካው አይቻለሁ» አለች፤ የሆነው ነገር የራሷ ክርን ነበር። እልልታው ሰርቪሱን ሞላው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ቂሊንጦ ሲደርሱ ካንሰሩ ጠፍቶ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ አፍረዋል። ሃዊ መለኪያዋን ጨብጣ ጡት መያዣ ትለካለች፤ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀረ ትላለች በልቧ።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ክንዷን የያዛት ሰው ነበር። ዞር አለች። እትዬ መሰለች ናቸው፤ ማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ፣ ሁለት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ፣ አርባ አምስት ዓመት የሆናቸው ዝምተኛ ሴት። በሩን ዘጉት። የሃዊን እጅ ወስደው በልብሳቸው ሥር፣ ቀኝ ጡታቸው ላይ፣ ወደ ብብት በኩል አስቀመጡት። ድንጋይ ይመስላል። እንደ ሽምብራ ትንሽ አይደለም፤ የኮክ ፍሬ ያህላል። ቢነኩት አይንቀሳቀስም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሃዊ።

«ከመስከረም። ፈርቼ ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ወር ሐኪም ዐየኝ፤ ነገ ረቡዕ በመርፌ ናሙና ሊወስዱ ቀጥረውኛል።» ከጡታቸው ሥር የቀጠሮ ወረቀት አወጡ፤ በላብ ርሷል። «ልተወው ነው። አንቺን ዐይቼ ምን አስፈራኝ? ከነገ ጀምሬ ሰባት ቀን ጸበል ልገባ ነው። ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብያለሁ።»

«እትዬ መሰለች፣ ይስሙኝ። የኔ ካንሰር አይደለም።»

እትዬ መሰለች ፈገግ አሉ። እንደዚያ ያለ የሚያበራ ፈገግታ ሃዊ አይታ አታውቅም። «አሁንማ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ድነሻላ!»

«አልዳንኩም! ማለቴ፣ መጀመሪያም አልነበረብኝም። ሶሊያና ናት የጻፈችው…»

«ትሑት ነሽ። ትሕትናሽን ዐይቶ ነው የማረሽ» አሉ፤ ግንባሯን ሳሙት። «ፋብሪካው በሙሉ ያየውን አንቺ ብቻሽን ትክጃለሽ? ሰው እንዳይሰማሽ፤ በአፍሽ አምላክሽን አታሳፍሪው።» ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት፣ ለአራት አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፤ ወጡ።

ሃዊ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቀረች። እጇ ላይ ያ ድንጋይ አለ፤ ብትታጠብም አልሄደም። ሮጣ በሩ ላይ እትዬ ጠጄን አገኘቻቸው፤ ነገረቻቸው።

«ለብቻቸው ስፖንጁን ባሳያቸው?» አለቻቸው።

«ብቻሽን ብታሳዪያት ሰይጣን ፈተናት ትላለች። ያመነችው ሕዝቡን ነው፤ አንቺን መች አመነች?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው «ሕዝቡ ምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ነው፤ ሶሊያናም እዚያው ነው ምሳ የምትበላው» አሉ። ሶሊያና ከሰማች ፈቃዱ እንደሚሰረዝ ሁለቱም ያውቁታል።

የእውነቱን ዋጋ አስቀድሜ ልናገር፤ ሃዊ ምሳ ሰዓት ከተናገረችው በኋላ ማስከተሉ ይከብደኛል። ሶሊያና ፎርሙን በዚያው ቀን ሰርዛዋለች፤ «ምክንያቱ ሐሰት ሆኖ በመገኘቱ» ብላ፤ እያለቀሰች ነው የጻፈችው፤ ልጅቱ ቅን ናት ብያለሁ። ማናጀሩ ሃዊን ያላሰናበታት እሷን የሚተካ ዓይን ስላላገኘ ነው፤ ለሦስት ሳምንት እረፍት ግን በሩ ተዘግቷል። ሚያዝያ ሃያ ስምንት አለፈ። ሆስፒታሉ ጋ ስትደውል «ተራሽ ሄዷል፤ ከመጨረሻ ነው» አሏት። ሱፐርቫይዘሩ ስሟን እንደገና ረሳው። አቅፈዋት ያለቀሱት እንባቸውን መልሺ ሊሏት ምንም አልቀራቸውም፤ ፊርዶስ ብቻ ቴምሩን አላቋረጠችም፤ ግን አታናግራትም። እትዬ መሰለች ረቡዕ ሆስፒታል ሄደዋል። የተገኘው ነገር ማኪያቶ ቤት የሚወራ አይደለም፤ ሕክምናው ጊዜው ሳያልፍ መጀመሩን ብቻ ሰምቻለሁ። ሃዊን እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም። ተስፋዬን ነጠቀችኝ ይላሉ። ሰው ሁሉ ሰምቶት ሳለ ወሬው ራሱ አልሞተም፤ እንዲያውም ጤና ጨመረ። የካደችው ሰይጣን አስክዷት ነው የሚል አዲስ ምዕራፍ ወልዷል።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት መቶ ሴቶች ነበሩ። እትዬ መሰለች ከማሸጊያ ሴቶች ጋር ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን ከበው «ይቅናዎት» እያሏቸው ነው፤ ነገ ጸበል እንደሚገቡ ነግረዋቸዋል። ሶሊያና መስኮቱ ጋ ሽሮዋን ትበላለች። ሃዊ አግዳሚው ላይ ወጣች። እጇን በልብሷ አንገት አስገብታ ስፖንጁን አወጣችና የእትዬ መሰለች ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ደረቷ በሁሉም ፊት ወደ ግራ አዘነበለ። አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ዝም አሰኘቻት። ሃዊ ጮክ አላለችም፤ ድምጿ ግን እስከ መስኮቱ ደረሰ።

«ካንሰር አልነበረብኝም። ቁረጪ ያለኝ ሐኪም የለም። ጸበል ስገባ በሽታ አልነበረኝም፤ ስወጣም የዳነ ነገር አልነበረኝም። ትናንት ሰርቪስ ላይ ያያችሁት እኩልነት ይሄው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በመቀስ የቆረጥኩት ነው። ግራዬ ትልቅ ነው፤ ቀኜ ትንሽ ነው። ባለፈው ሳምንት እንደዚሁ ነበር፤ አሁንም እንደዚሁ ነው። ፈቃድ የጠየቅኩት እሱን ላስተካክል ነው፤ ሶሊያና፣ ሰምተሻል። እትዬ መሰለች፣ እርስዎ የታመሙት እውነት ነው፤ የኔ መዳን ግን ውሸት ነው። ነገ ሆስፒታል ይሂዱ። እኔ ላይ ምንም ተአምር አልተደረገም፤ ምንም አልተስተካከለም።»